ሂራሴ ጣቢያ ላይ የቆመው ቀይ ባቡር

አቶ ይልማ ሞተው የተገኙት እሁድ ምሽት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ግሪን ቫሊ በሚባለው የላስ ቬጋስ ዳርቻ ባለው ቤታቸው፣ ጋራዡን ከቤቱ ጋር በሚያገናኘው በር ሥር ተደፍተው ነበር። ሰዓቱን ሁሉ በአበሻ አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ፤ በዚያ ቤት የሚነገረውም እንደዚያ ነው። ወሩ ሐምሌ ነበር፣ የላስ ቬጋስ ሐምሌ ደግሞ ቀልድ አያውቅም። ውጪው አርባ ስድስት ዲግሪ ደርሶ ነበር። የጋራዡን የለካው ሰው የለም።

ፖሊስ መጣ፣ አየ፣ ጻፈ፣ ሄደ። አደጋ ነው ተባለ። የጋራዡ የኤሌክትሪክ ማቋረጫ፣ ብሬከሩ፣ በጭነት ብዛት ወድቆ ኤሲው ጠፍቷል። ትልቁ በር በኤሌክትሪክ የሚሠራ ስለሆነ አልከፈት ብሏል። ወደ ቤት የሚያስገባው በር ደግሞ ከቤቱ በኩል ተቆልፎ ነበር። ሰውየው የስልሳ ስምንት ዓመት የልብ ሕመምተኛ ናቸው፣ ስልካቸው ኪችን ውስጥ ቻርጅ ላይ ነበር። ፋይሉ በሁለት ቀን ተዘጋ።

በሩን የቆለፈችው ብቸኛ ልጃቸው ናርዲ ናት። ፋይሉ ሲዘጋ የእሷ ጣጣ ገና መጀመሩ ነበር።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ፋይዛ ስልኳ ጮኸ። ፋይዛ ድሬዳዋ የተወለደች፣ አዲስ አበባ ፖሊስ ወንጀል ምርመራ ውስጥ አሥራ አራት ዓመት የሠራች፣ ከዚያ ዲቪ ደርሷት የመጣች ሴት ናት። አሁን አንድ ካዚኖ ውስጥ ስክሪን ፊት ተቀምጣ የሰው እጅ ስታይ ትውላለች። ካርድ የሚሰርቅ እጅ ገና ሳይሰርቅ ያስታውቃል ትላለች። ጓደኞቿ አብረዋት ምሳ መብላት ይፈራሉ፤ ዓይኗ አያርፍማ! የናርዲ እናት በሕይወት ሳለች የልብ ወዳጇ ነበረች።

«አንቲ ፋይዛ፣ መምጣት ትችያለሽ? አሁን?» አለች ናርዲ።

ፋይዛ ልታጽናና ነበር የሄደችው። እውነቱን ለመናገር ሌላ ነገር በሐሳቧም አልነበረም።

ናርዲ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፤ እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ ነርሲንግ የምትማርና ሄንደርሰን አንድ ሆስፒታል ውስጥ በረዳትነት የምትሠራ ልጅ ናት። ለቀስተኛው ሳሎን ሞልቶ ሳለ ፋይዛን እጇን ይዛ ወደ ኪችን ወሰደቻት፤ ከተቆለፈው በር ፊት አቆመቻት።

«አንድ ነገር ብቻ ነው ማወቅ የምፈልገው» አለች። «የዳዲ ጓደኛ አሳምነው ለፖሊሱ ነገረው። ኤሌክትሪኩ ዘጠኝ ሰዓት ከስድስት ነው የጠፋው። እኔ ለሺፍት የወጣሁት ዘጠኝ ተኩል። ሃያ አራት ደቂቃ፣ አንቲ! እኔ እዚህ ቆሜ ሳንድዊች እሠራለሁ፣ ዳዲ እዚያ ውስጥ በሙቀት... ከዚያ በሩን ሎክ አደረግሁ። ስቆልፈው ዳዲ በሙቀቱ ውስጥ ነበር ወይ? ባይ እንኳን አላልኩትም።»

«ለምን አላልሽውም?»

«ተጣልተን ነበር። እሁድ ትልቅ ሾው አለኝ፣ ከሥራ ቅሪ አለኝ። እኔ ለአሻንጉሊት ባቡር ሺፍት አልቀርም አልኩት። አሻንጉሊት አልኩት!»

«በሩንስ ለምን ቆለፍሽው የኔ ልጅ?»

«ስጦታ ክፍሉን ከተከራየች በኋላ ነው፣ ሁለት ወር ነው። ቀን ትተኛለች፣ ጋራዡ ብዙ ጊዜ ክፍት ነው። ዳዲ በትልቁ በር ወጥቶ በፊት ለፊት ይገባል። ሁልጊዜ እንደዚህ ነው።» ከዚያ ፊቷ ተለወጠ። «ነርስ ልሆን ነው እኮ። ፕሮግራሙን ልተወው ነው። አባቱን ሙቀት ውስጥ ሎክ ያደረገ ሰው ማንን ያስታምማል?»

ፋይዛ ማጽናኛ ቃል ፈልጋ አጣች፤ ባዶ ማጽናኛ ደግሞ አፏ ላይ አይመጣላትም። «በሩን ክፈቺልኝ» ብቻ አለች።

ጋራዡ ሲከፈት ፋይዛ ለአፍታ የመጣችበትን ረሳች። መኪና ሊቆምበት የሚገባው ቦታ በሙሉ ሐዲድ ነው። ቤቶች፣ ድልድዮች፣ ባሕር፣ ከጣት የማይበልጡ ሰዎች ጃንጥላ ይዘው ባቡር ይጠብቃሉ። አቶ ይልማ በወጣትነታቸው ከድሬዳዋ ምድር ባቡር ለሥልጠና ጃፓን ተልከው አሥራ አንድ ዓመት የቆዩት ሚዙካዋ በሚባል ኩባንያ ውስጥ ነው። ሚዙካዋ የግል የባቡር ኩባንያ ነው፤ ጠዋት ሠራተኛውን ከባሕር ዳር ሰፈሮች ወደ ከተማ ያስገባል፣ ማታ ይመልሳል። ሐዲዱ የራሱ፣ ጣቢያው የራሱ፣ ጣቢያው ላይ ያለው ሱቅ ሳይቀር የራሱ ነው። ሦስት መስመር፣ ሠላሳ ስምንት ጣቢያ። ሰውየው ያንን ሁሉ ከነጣቢያው፣ ከነሱቁ ግሪን ቫሊ ላይ ደግመው ሠርተውታል።

ሠርተው ብቻ አልተዉትም፤ ይነዱት ነበር። ያውም በጃፓን ሰዓት። ላስ ቬጋስ እሁድ ከሰዓት በኋላ ሲሆን እዚያ ሰኞ ጠዋት ነው፣ ሰው ሁሉ ወደ ሥራ የሚተምበት ሰዓት። አቶ ይልማ ነጭ ጓንት አጥልቀው፣ እያንዳንዱን ሲግናል በጣታቸው እየጠቆሙ፣ «አረንጓዴ! ይለፍ!» እያሉ ጮክ ብለው ይጠራሉ። የሚዙካዋ ነጂ እንዲህ ነው የሚሠራው፤ ዓይን ቢዘነጋ አፍና ጣት ያነቁታል። በሥራ ላይ ስልክ መያዝም ክልክል ነው። ስልኩን ኪችን ያስቀረው ይኸው ሕግ ነው።

«የነካው ሰው አለ?»

«ማንም። ፖሊሱም አልነካም። አሳምነው ባቡሮቹን አይቶ ነው ሰዓቱን ያወቀው። ኤሌክትሪክ ሲጠፋ ባሉበት ይቆማሉ።»

ፋይዛ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ ዞረች። ሁለት ሰማያዊና አንድ ቀይ ባቡር ሐዲድ ላይ ቆመዋል። ቀዩ ሂራሴ የሚባል ጣቢያ ላይ ነው፣ ከጎኑ አንዱ ሰማያዊ ገለል ብሎ ያሳልፈዋል። ጥግ ላይ ባቡሮቹ የሚያድሩበት ዴፖ አለ። ዴፖውን ከዋናው መስመር የሚያገናኘው የሐዲድ ማዞሪያ ተቆልፎ፣ ቁልፉ ላይ ትንሽ ቀይ መለያ ታስሮበታል። ግድግዳው ላይ አረንጓዴ ጠርዝ ያለው የጊዜ ሰሌዳ ተሰቅሏል። ጽሑፉ ጃፓንኛ፣ ቀለሙ ከላይ እስከ ታች ሰማያዊ ነው። ግርጌው ላይ አቶ ይልማ በእርሳስ፣ በአማርኛ፣ ሁለት ቃል ጽፈዋል፤ «የበዓል ቀን»። ሌላ ተመሳሳይ ሰሌዳ ደግሞ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ወለል ላይ ተቀምጧል።

ትልቁን በር ቀና ብላ አየችው። በእጅ ለመክፈት የሚሳበው ገመድ የለም።

«ለላይኛው ድልድይ ቦታ ሲፈልጉ ቆረጡት» አለች ናርዲ። «ዳዲና አሳምነው።»

ፋይዛ ወለል ላይ ያለውን ሰሌዳ ገልብጣ አየችው፤ በሰማያዊው መሃል ቀይ መስመሮች አሉበት። መልሳ አዙራ አስቀመጠችው።

ስጦታን ክፍሏ ውስጥ አገኘቻት። ሆቴል ውስጥ ሌሊት ሌሊት ክፍል የምታጸዳ፣ ቀን የምትተኛ ሴት ናት። አቶ ይልማን ያገኘቻቸው እሷ ናት።

«ማጠቢያው ጋራዡ ውስጥ ነው፤ ልብስ ላጥብ ብዬ በሩን ስከፍት፣ እትዬ፣ ሙቀቱ ፊቴን በጥፊ አለኝ። ከዚያ እግሬ ሥር... ኧረ እንዲያው ምን አለ እኔን ዓይኔን ባጠፋው!»

«ከዚያ በፊት ምን ሰማሽ?»

ስጦታ አቀረቀረች። «ለፖሊሱ አልነገርኩም። ሲጮኹ ሰምቻለሁ። ግን እሳቸው እኮ ሁልጊዜ ይጮኻሉ! አረንጓዴ፣ ይለፍ፣ ምናምን። ባቡራቸውን እየነዱ ነው ብዬ ትራሴን ጆሮዬ ላይ ደፋሁ።»

«በስንት ሰዓት?»

«እንጃ፣ እንቅልፍ ላይ ነበርኩ። አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ግን ነቅቻለሁ፣ ያኔ የደም ግፊት መድኃኒቴን ነው የምወስደው፣ ስልኬ ይቀሰቅሰኛል። ያ ኤሲ ግድግዳዬን እያንቀጠቀጠው እንደገና እንቅልፍ ለመያዝ መከራዬን አየሁ። ጩኸቱን የሰማሁት ከዚያ በኋላ ነው።»

«የትኛው ኤሲ?»

«የጋራዡ ነዋ! ግድግዳችን አንድ ነው።»

ወይ ጉድ! አለች ፋይዛ በሆዷ። ዘጠኝ ሰዓት ከስድስት ላይ ጠፋ የተባለ ኤሌክትሪክ አሥር ተኩል ላይ የስጦታን ግድግዳ ያንቀጠቅጣል። ከሁለት አንዱ ይዋሻል፣ ወይ ስጦታ ወይ ባቡሮቹ።

ከዚያ የሟች ታናሽ ወንድም ኪዳኔ መጣ። የካዚኖ ዲለር ነው፤ ቆሞ እንኳን እጆቹ ካርድ ያከፋፍላሉ። ቅዳሜ ዕለት ከወንድሙ ጋር በዚሁ ጋራዥ የተነሳ መጨቃጨቃቸውን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

«አልደብቅሽም» አለ። «ቤቱን ባቡር ጣቢያ አደረግከው፣ ናርዲ የምትቀመጥበት አጣች፣ አፍርሰው አልኩት። ሰደበኝ፣ ሰደብኩት። እሁድ ኦፍ ነበርኩ፣ ቤቴ ብቻዬን ኳስ ሳይ ዋልኩ። ምስክር የለኝም። በይ እሰሪኝ!»

«የባቡሮቹን የጊዜ ሰሌዳ ታውቀዋለህ?»

«እኔ? አሁን ጃፓን ቀን ይሁን ማታም አላውቅ!»

ሲናደድ ዕንባው መጣ። ፋይዛ ፊቱን ሳይሆን እጆቹን ነበር የምታየው፤ እጆቹ ማከፋፈላቸውን አቁመው ነበር።

የቀረው አሳምነው ነው። ረቡዕ ጠዋት ሰንራይዝ ማነር ካለው አፓርታማው ሄደች። አሳምነው የሆቴል እንግዳ የሚያመላልስ አውቶቡስ ነጂ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በዕረፍት ቀኑ አቶ ይልማ ዘንድ ነበር። ሐዲዱና ባቡሩ የይልማ ሲሆን ጣቢያዎቹ፣ ሱቆቹ፣ ድልድዮቹ ግን አንድ በአንድ የአሳምነው እጅ ሥራ ናቸው። ጠረጴዛው ላይ ግማሹ ያለቀ ጣቢያ አለ፤ መስኮቶቹ ከሩዝ ፍሬ አይበልጡም።

«እጅህ ይባረክ» አለች ፋይዛ፣ ከልቧ ነበር።

«ይልማ አንድ ቀን እንዲህ ብሎኝ አያውቅም» አለና ፈገግ ለማለት ሞከረ። «የኩባንያው ጡረተኞች እሁድ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በኢንተርኔት ሊያዩት ነበር። ደብዳቤ ጽፈውለት፣ እሱም መልሶላቸው... የእኔ ስም ግን የለበትም። ምን ይደረግ፣ ይልማ ይልማ ነው።»

«ሰዓቱን እንዴት አወቅከው? ዘጠኝ ሰዓት ከስድስትን?»

አሳምነው ዓይኑን ጨፈነ። ጣቱ አየር ላይ ተነሳ፣ እንደ ሚዙካዋ ነጂ እየጠቆመ ሄደ። «ቀዩ የሠራተኛ ፈጣን ባቡር ሂራሴ ይገባል። ሰማያዊው ገለል ብሎ ያሳልፈዋል። ሁለተኛው ሰማያዊ የባሕር ድልድይ ላይ ነው። ይኼ በቀን አንዴ ብቻ ነው የሚሆነው። እዚያ ጠዋት አንድ ሰዓት ከስድስት፣ እዚህ ዘጠኝ ከስድስት።»

«ሰሌዳውን ሳታይ?»

«ምን ሰሌዳ አስፈለገኝ! እሁድ ማለት እዚያ ሰኞ ነው። ዘጠኝ ዓመት እሁድ እሁድ ያንኑ ሲነዳ ነው ያየሁት።»

«ይልማን መጨረሻ ያየኸው መቼ ነው?»

«የዚያን ሳምንት ሐሙስ። ያን እሁድ ግን የሰው ተራ ሸፍኜ እስከ አሥር ተኩል ሥራ ላይ ነበርኩ፣ ከዚያ ወደ ቤቴ። ናርዲ ስትደውልልኝ ነው የበረርኩት። ምስኪን ልጅ...»

ፋይዛ ተሰናብታ መኪናዋ ውስጥ ገባች። ሞተሩን አስነስታ አልሄደችም፤ ስልኳን አውጥታ የጃፓንን የበዓል ቀናት ፈለገች። ያገኘችውን ሁለት ጊዜ አነበበች። ደስ አላላትም፣ እንዲያውም አዘነች፣ ምክንያቱም ሰውየውን ወዳዋለች።

እሁድ ስድስት ሰዓት ላይ አራቱንም ጋራዡ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ትልቁ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ ኤሲው ይጮኻል። ናርዲ በሩ ደፍ ላይ ቆማለች፤ እግሯን ወደ ውስጥ አላስገባችም። ስጦታ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛለች። ኪዳኔ ግድግዳውን ተደግፏል። አሳምነው ሂራሴ ጣቢያ አጠገብ ነው፣ እንደ ልማዱ አንዲት የተጣመመች የመብራት ምሰሶ ያቃናል።

«ይቺ ልጅ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ነው» አለች ፋይዛ። «በሩን ስትቆልፍ አባቷ በሙቀት ውስጥ ነበሩ ወይ? መልሱ አልነበሩም ነው። ከዚህ እጀምራለሁ።»

ናርዲ ቀና አለች።

«ባቡሮቹ ግን ያሳያሉ እኮ» አለ አሳምነው ቀስ ብሎ።

«ባቡሮቹ ይዋሻሉ። ስጦታ አሥር ተኩል ላይ የዚህን ኤሲ ድምፅ ሰምታለች። ኤሌክትሪኩ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጠፍቶ ቢሆን አትሰማም ነበር።»

«እንቅልፏ ነው የሚሆነው» አለ ኪዳኔ።

«እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር። ግን ሂዱና ዴፖውን እዩት። ቀዩ ባቡር ከዚያ የሚወጣበት ማዞሪያ ተቆልፏል፣ መለያው አሁንም አልተፈታም። ማንም አልነካውም ተብያለሁ። ታዲያ ቀዩ ባቡር በየት በኩል ሂራሴ ደረሰ? ክንፍ የለውም። ሰው በእጁ አንስቶ ነው ያስቀመጠው።»

ኪዳኔ ዴፖውን አጎንብሶ አየና ቀጥ አለ። «እውነቷን ነው።»

«ይልማ ለምን ቆለፉት? ምክንያቱን ግድግዳው ላይ ጽፈውታል። ናርዲ፣ አንብቢልን።»

ናርዲ ከደፉ ላይ ሆና አንገቷን አሰገገች። አማርኛ ማንበብ አባቷ ናቸው ያስተማሯት፤ አንድ በአንድ እየቆጠረች፣ «የ-በ-ዓል ቀን» አለች።

«ባለፈው እሁድ እዚያ ሰኞ ነበር፤ ግን እንደ ሌላው ሰኞ አይደለም። ጃፓኖች በየዓመቱ በዚህ ወር ሦስተኛውን ሰኞ የባሕር ቀን ብለው ያከብሩታል። መሥሪያ ቤት ዝግ ነው። የሠራተኛ ባቡር ማንን ይጫን? በበዓል ሰሌዳ ላይ ቀይ መስመር የለም፣ እዩት፣ ሁሉም ሰማያዊ ነው። ይልማ የዚያን ቀን ቀዩን ባቡር ዴፖ ውስጥ ቆልፈውበታል። አንዲት ደቂቃ የማይሰርቁ ሰው በበዓል ቀን ቀዩን ያወጣሉ? ቢሞቱ እንኳ አያደርጉትም።»

አሳምነው ምሰሶዋን ማቃናቱን አላቆመም።

«ስለዚህ አንድ ሰው ይልማ ከሞቱ በኋላ እዚህ ገብቶ፣ ሦስቱን ባቡሮች በእጁ አንስቶ፣ የዘጠኝ ሰዓት ከስድስትን ቦታ አስያዛቸው። ማን ነው? ሰሌዳ እያየ የሚሠራ ሰው ቢሆን ግድግዳውን ያይና በበዓሉ ሰሌዳ ይደረድር ነበር። ይህኛው ግድግዳውን አላየም፣ ማየት አላስፈለገውም፣ የሥራ ቀኑን በቃሉ ያውቀዋል። እሁድ ሁልጊዜ ያው ነው ብሎ ለዘጠኝ ዓመት ያየ ሰው ነው። ኪዳኔ ጃፓን ቀን ይሁን ማታ አያውቅም። ስጦታ ባቡሩ ሲነዳ አይታ አታውቅ።»

«ፋይዛ...» አለ አሳምነው።

«ደግሞስ ለምን ዘጠኝ ከስድስት? ኪዳኔ ቀኑን ሙሉ ብቻውን ነበር፣ ሰዓቱ ቢለዋወጥ ምን ይጠቅመዋል? ስጦታም ቀኑን ሙሉ እዚሁ ነበረች። በዘጠኝ ሰዓት ሰው ሞልቶ አውቶቡስ የሚነዳ፣ ከአሥር ተኩል በኋላ ግን ምስክር የሌለው አንድ ሰው ነው። ለፖሊሱ ሳይጠየቅ ሰዓቱን የነገረውም እሱ ነው።» ድምጿ ዝቅ አለ። «ስንት ሰዓት መጣህ አሳምነው?»

አሳምነው ያቃናት ምሰሶ እጁ ላይ ተሰበረች።

«ለአሥራ አንድ አሥር ጉዳይ» አለ በመጨረሻ። «ጃፓኖቹ ከማየታቸው በፊት አንዱን መስመር እኔ ልንዳ ብዬ ለመንኩት። አንዱን ብቻ! አንተ ቤት ሠሪ ነህ፣ ነጂ አይደለህም አለኝ። አንዴ ሲግናል ሳልጠራ አልፌ ባቡር ገልብጬበት ነበር፣ ሦስት ዓመት ሆኖታል፣ አልረሳልኝም። ወጣሁ፣ ትልቁን በር ዘጋብኝ። የውጪው ግድግዳ ላይ ብሬከሩ አለ። ጨለማ ያሳያቸው ብዬ ጣልኩት። እንዲያፍር ነው የፈለግሁት፣ ወላሂ ... ማርያምን! እንዲያፍር ብቻ ነው!»

ኪዳኔ ተፈናጥሮ ሊይዘው ሲል ፋይዛ ክንዷን ዘረጋችበት። «ይጨርስ።»

«ተመልሼ ልቀጥለው ነበር። ንዴቴ አልበርድ አለኝ፣ መንገድ ለመንገድ ስዞር ቆየሁ። አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል አልፎ መጥቼ ብሬከሩን አስነስቼ በሪሞቴ በሩን ስከፍት...» አንገቱን ነቀነቀ። «ፈራሁ። ባቡሮቹን አስተካክዬ፣ በሩን ዘግቼ፣ ብሬከሩን መልሼ ጣልኩና ሄድኩ።»

«ሰዓቱ እኔ ቤት የነበርኩበት እንደሆነ ታውቅ ነበር?» አለች ናርዲ። ሰሌዳውን ካነበበች ወዲህ የመጀመሪያ ቃሏ ነበር።

«አላወቅሁም ነበር። ስትነግሪኝ አወቅሁ።»

«ከዚያም ዝም አልክ። ሳምንቱን ሙሉ እኔ ሳለቅስ እጄን ይዘህ ዝም አልክ።»

ናርዲ ደፉን ተሻግራ ወደ ውስጥ ገባች፣ ከሐዲዱ ማዶ ትይዩ ቆመች።

«ጠርቶኛል? ዳዲ ሲጮህ የእኔን ስም ጠርቷል?»

«አንቺን አልጠራም፤ እንደሌለሽ ያውቅ ነበር።» አለ አሳምነው። «እኔን ነው የጠራው። አሳምነው፣ አብራው እንጂ፣ አለ። ሦስት ጊዜ። እኔ መኪናዬ ውስጥ ገባሁ። በቤቱ በኩል ይወጣል ብዬ ነበር፣ በእናቴ! ያ በር በዘጠኝ ዓመት ሲቆለፍ አይቼ አላውቅም!»

ስጦታ ነጠላዋን ነክሳ ሲቃዋን ያዘችው። ፋይዛ የመርማሪውን ስልክ ቁጥር የያዘ ካርድ ከቦርሳዋ አወጣችና ሐዲዱ ጠርዝ ላይ አስቀመጠችለት።

«ራስህ ደውል» አለችው። «እኔ ከምደውል አንተ ብትደውል ይሻልሃል።»

አሳምነው ካርዱን አንስቶ ወደ ውጪ ወጣ፤ ኪዳኔ ተከተለው። ሲደውል ድምፁ ይሰማ ነበር፣ ስሙን ፊደል በፊደል ለሰዎቹ ይነግራቸዋል።

ናርዲ ወደ ቤት የሚያስገባውን በር ታየው ጀመር።

«አንቲ ፋይዛ፣ እኔ ባልቆልፈው ይወጣ ነበር አይደል?»

ፋይዛ ይህ ጥያቄ እንደሚመጣ አውቃ ነበር፤ ሌሊቱን ሙሉ መልስ ስትፈልግለት አድራለች። የለም ብላ መገላገል ትችል ነበር። ስጦታም ከጎን በዓይኗ፣ የለም በያት እያለች ትለምናታለች።

«ይወጣ ነበር» አለች ፋይዛ።

ናርዲ እንደተመታ ሰው ጎበጥ አለች።

«ይወጣ ነበር። አንቺ የቆለፍሽው ግን ኤሲ የሚሠራበት፣ መብራት ያለበት፣ ትልቁ በር በአንድ አዝራር የሚከፈት ጋራዥ ነው። በየቀኑ እንደምታደርጊው ቆለፍሽ፣ ወደ ሥራሽ ሄድሽ። ሲጠሩት ሰምቶ መኪናው ውስጥ የገባው ሌላ ሰው ነው። ሁለቱን አታምታቺ። እኔ ለማንም አልዋሽም፣ ለአንቺም አልዋሽም።»

«ባይ አላልኩትም» አለች ናርዲ።

«አላልሽውም። እሱን ምንም ላደርግልሽ አልችልም።»

ያኔ ናርዲ ሐዲዱ ሥር ወለል ላይ ተቀመጠች። ሳምንቱን ሙሉ ስታለቅስ የከረመችው እንደ ጥፋተኛ ነበር፣ ድምፅ ሳታሰማ፣ ሰው እንዳያያት ፊቷን እየሸፈነች። አሁን ግን ደረቷን እየመታች፣ «ዳዲ! ዳዲዬ!» እያለች፣ አባቷ እንደሞተባት ልጅ ጮክ ብላ አለቀሰች። ፋይዛ ጫማዋን አውልቃ ከጎኗ ወለል ላይ ተቀመጠችና ጭንቅላቷን ወደ ራሷ ሳበችው። ዝም በይ አላለቻትም።